የዝናብ መዝገብና የእርዳታ ውሳኔ
(ለወረዳና ለዞን የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሠራተኞች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)




በዚህ ስብሰባ ላይ ስለ ድርቅ እንድናገር ተጋብዤ ሳለ ስለ መዝገብ አያያዝ መናገርን መምረጤ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። እህል ለየትኛው ወረዳ ይላክ፣ የትኛውስ ይቆይ፣ ሰፋሪ በየትኛው ሸለቆ ይስፈር የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ከሰብሳቢው ፊት የሚቀርበው አንድ የዝናብ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከቀረበ በኋላ ብዙ ክርክር ይደረግበታል። ይሁን እንጂ ያ ቁጥር በማን እጅ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ዓይነት ዕቃ ተለክቶ፣ ስንት ጊዜስ ተገልብጦ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ስለማይጠየቀው ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ወሎንና ትግራይን የመታው ረሀብ ሕዝቡን ከጎዳባቸው ምክንያቶች አንዱ የወሬው መዘግየት ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዲጀመር የተደረገውም ከዚያ በተገኘ ትምህርት ነው። በዚያን ጊዜ የአየር ጠባይ ክትትል ሥራ በሲቪል አቪዬሽን ሥር የነበረ ሲሆን፣ ራሱን የቻለ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የቆመው በ1973 ዓ.ም. ነው። ይህን የማነሣው ታሪክ ለመተረክ አይደለም። ለአውሮፕላን አብራሪ የሚጠቅም መለኪያና ለገበሬ የሚጠቅም መለኪያ በአያያዝ አንድ አለመሆናቸውን ለማሳሰብ ነው። አብራሪው የሚፈልገው የዚህችን ሰዓት ነፋስና ደመና ነው፤ በሰላም ካረፈ በኋላ የትናንቱ ቁጥር ምኑም አይደለም። የእኛ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። የዘንድሮው የክረምት ዝናብ ትርጉም የሚኖረው ካለፉት 30 ክረምቶች ጎን ሲቀመጥ ብቻ ነውና፣ ለእኛ አሮጌ ቁጥር አይሻርም።

ስለ ቅደም ተከተል

ተከታታይ የጊዜ መረጃ የሚባለው አንድ ነገር በአንድ ቦታ፣ በታወቀ የጊዜ ልዩነት፣ ደጋግሞ ተለክቶ በተራው ሲጻፍ ነው። ከሌላው የቁጥር መዝገብ የሚለየው ተራው ራሱ መረጃ በመሆኑ ነው። በአንድ መጋዘን ያሉ ከረጢቶች የተቆጠሩበት ተራ ቢደባለቅ ድምሩ ያው ነው፤ የጎደለ ነገር የለም። የ30 ዓመት ዝናብ ቢደባለቅም እንዲሁ አማካዩ አይለወጥም፤ ነገር ግን ሦስት ደረቅ ዓመታት ተከታትለው መምጣታቸውና ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ጎተራውን፣ በሁለተኛው በሬውን፣ በሦስተኛው ቀዬውን መልቀቁ ከመዝገቡ ይጠፋል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የተገኘው ከእኛው ውሃ ነው። በካይሮ፣ በሮዳ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራው የዓባይ ውሃ መለኪያ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። የወንዙ ከፍታና ዝቅታ መዝገብ ደግሞ ከሕንፃው ቀድሞ እ.ኤ.አ. ከ622 ጀምሮ የሚቆጠር ሲሆን፣ በመካከሉ ክፍተት ቢኖርበትም በዓለም ላይ በርዝመቱ ተወዳዳሪ የለውም ማለት ይቻላል። እዚያ በድንጋይ ዓምድ ላይ የተለካው ጎርፍ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ የክረምት ውሃ ነው። ስለዚህ ግብፃውያን ደመናውን ሳያዩ የእኛን ክረምት ከሺህ ዓመት በላይ ሲመዘግቡልን ኖረዋል ብንል ስሕተት አይሆንም። በግብፅ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው እንግሊዛዊው የውሃ ሊቅ ሃሮልድ ሃርስት ይህንና ሌሎች ረጃጅም መዛግብትን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጥናት፣ ዝቅተኛ ዓመት ዝቅተኛ ዓመትን፣ ከፍተኛውም ከፍተኛውን የመከተል ጠባይ እንዳለው አሳየ። ዓመታቱ እንደ ዕጣ በየራሳቸው የሚወጡ ቢሆኑ ኖሮ ከሚያስፈልገው የበለጠ ትልቅ ግድብ የሚያስፈልገውም ስለዚሁ ነው። በኋላ ማንደልብሮና ዋሊስ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1968 ለዚህ ጠባይ በዮሴፍ ስም ሰየሙለት፤ ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረሀብ ዓመታት በማስታወስ ነው። የግድቡን ነገር ለመሐንዲሶች እንተወውና፣ ለመጠባበቂያ እህል ክምችትም ሒሳቡ አንድ ነው። ተከታትሎ የሚመጣን ድርቅ በተበታተነ ድርቅ ሒሳብ ያሰላ ሰው መጋዘኑን አሳንሶ ይሠራል።

ከቅርቡ ጊዜ ምሳሌ ቢያስፈልግ፣ በቦረናና በሶማሌ ክልል ከ2013 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ በፊት ከነበረው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ካለው ወቅት ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ተመሳሳይ ወቅት ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። ከአምስቱ አንዱ ብቻ ተነጥሎ ቢታይ አርብቶ አደሩ ከዚህ ቀደም የቻለው ዓይነት ችግር ነው። ከብቱን የጨረሰው መከታተሉ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እነዚህ አካባቢዎች ዋናውን ዝናብ የሚያገኙት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛውን ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፣ የማዕከሉ የማጠቃለያ ቅጽ ግን ዓመቱን በልግ፣ ክረምትና በጋ ብሎ ለደጋው ሰው በሚስማማ መንገድ ይከፍለዋል። በዚህ አከፋፈል የቦረናው ሁለተኛ ዝናብ «በጋ» በሚባለው ሣጥን ውስጥ ይወድቃል፤ በበጋ ደግሞ ዝናብ ቢጠፋ ማንም አይደነግጥም።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ዝናብ መለኪያ ቀላል ነገር ነው፤ አፉ የታወቀ ስፋት ያለው ዕቃና ውስጡ የተጠራቀመውን ውሃ የሚለካ ብርጭቆ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ተመልካቹ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ውሃውን ለክቶ ይደፋና ቁጥሩን ይጽፋል። ችግሩ ከዚህ ከመጨረሻው ቃል ይጀምራል።

ያቺ አንዲት ሰዓት ሦስት ስም አላት። ተመልካቹ በአገሩ ልማድ 3 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። በእጁ ስልክ ላይ 9 ሰዓት ትባላለች። ጣቢያዎች በዓለም ዙሪያ በሚነጋገሩበት አቆጣጠር ደግሞ 6 ሰዓት ናት። ኮምፒዩተሩ «3» የሚል ቁጥር ሲሰጠው ሌሊት መሆኑን ያምናል እንጂ ጠዋት ነው ብሎ አይጠረጥርም። ለዝናብ ድምር ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ለሙቀት መለኪያ ግን የጠዋቱን ሙቀት የሌሊት ያደርገዋልና ውርጭን የሚከታተል ሰው ይሳሳታል። ስለዚህ በቋሚ መዝገብ ውስጥ አንድ አቆጣጠር ብቻ፣ እርሱም የዓለም አቀፉ፣ እንዲገባ፤ የአገሩ ሰዓት ደግሞ ለሚያነበው ሰው በሚታተመው ወረቀት ላይ እንዲወጣ ማድረግ ይገባል። ሁለቱን በአንድ ዓምድ ማደባለቅ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 12 ቀን ጠዋት የተለካው ውሃ በደጋው አገር አብዛኛውን ጊዜ ሐምሌ 11 ከሰዓት በኋላና ማታ የዘነበ ነው። ለየትኛው ቀን ይጻፍ? አንዱ ጣቢያ ለተለካበት ቀን፣ ሌላው ለዘነበበት ቀን ይጽፋል። ሁለቱም ልማድ ያስኬዳል፤ የማያስኬደው የትኛውን እንደ ተከተሉ አለመናገር ነው። አንድ ቀን የተንሸራተተ መዝገብ ከሳተላይት ግምት ጋር ሲመሳከር ጣቢያው የሚዋሽ፣ ሳተላይቱም የሚቀባዥር ይመስላል፤ ሁለቱም ግን እውነት ተናግረዋል።

ከዚህ የሚከፋው የዘመን አቆጣጠር ነው። የሜትዎሮሎጂው ቅጽ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሞላ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ማስታወሻ በእኛው ይያዛል። ጁላይን ሐምሌ ብሎ መተርጎም በሁላችንም ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሐምሌ 1 ቀን ጁላይ 8 ነውና ትርጉሙ አንድ ሳምንት ይሰርቃል። የክረምቱ አገባብ በአሥር በአሥር ቀን በሚታይበት ሥራ አንድ ሳምንት ትንሽ አይደለም። ጳጉሜን ደግሞ 12 ዓምድ ብቻ ባለው ቅጽ ላይ ቦታ የላትም። አንዳንዱ ጸሐፊ ዝናቧን ከነሐሴ ጋር ይደምረዋል፤ ነሐሴም 35 ቀን ይሆናል። አንዳንዱ ይተዋታል። የጳጉሜን ቀኖች ሴፕቴምበር 6 እስከ 10 የሚውሉ ሲሆን፣ ዘግይቶ የተዘራ እህል ፍሬ ለመያዝ የመጨረሻውን ውሃ የሚጠብቀው በዚሁ ሰሞን ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ የሚቀጥለው መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ እንደ ሆነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። ቀን የሚለውጥ ሠራተኛ ይህን በቃሉ ከሚሠራ በኮምፒዩተር ቢያሠራው ይሻላል፤ ተመልካቹ የጻፈው የመጀመሪያው ቀን ግን እንዳለ አብሮ ይቀመጥ።

ስለ ዜሮና ስለ ባዶ ቦታ

ከሁሉ ነገር ይህን አንድ ነጥብ ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል። «አልዘነበም» እና «አልተለካም» አንድ አይደሉም።

አንድ ጊዜ የአንድ ወረዳ መዝገብ ሲገለበጥ አይቻለሁ። ተመልካቹ በታመመባቸው ቀኖች ትይዩ ሰረዝ አድርጓል። ገልባጩ ወጣት ሠራተኛ ሰረዙን እንደ ዜሮ ቆጥሮ ጻፈው። ክፋት የለበትም፤ ቅጹ ባዶ ቦታ አልቀበልም ስላለው ነው። በማጠቃለያው ላይ ወረዳው በክረምት እኩሌታ ደርቆ ታየ። ስሕተቱ የተገኘው ሪፖርቱን ያነበበ አንድ ሹፌር «እኔ በዚያ ሳምንት እዚያ ጭቃ ውስጥ ተይዤ አድሬአለሁ» ብሎ በመሳቁ ነው። ሹፌሩ ባይኖር ኖሮ ለሌላ ወረዳ የተመደበ እህል ወደዚያ በተጫነ ነበር። ዕዳው በመጨረሻ የሚያርፈው እህሉ በቀረበት በሌላው ወረዳ ላይ ነው።

አንዳንድ አሮጌ ፋይሎች ላልተለካ ቀን ከዜሮ በታች 99 የሚል ምልክት ይጽፋሉ። ይህ ከዜሮው ይሻላል፤ ነገር ግን ሳያጣሩ ለሚደምር ሰው ወጥመድ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት እንዲህ ያሉ ቀኖች ቢኖሩ ድምሩ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላልና ስሕተቱ ይታያል። በዓመት ድምር ውስጥ ግን ይደበቃል። 1,100 ሚሊ ሜትር በዘነበበት ዓመት ሁለት ያልተለኩ ቀኖች 198 ቀንሰው 902 ያደርጉታል። 902 ማንንም አያስደነግጥም፤ «ከመደበኛው በታች» የሚል ሪፖርት ግን ያስጽፋል። ድርቅ በሁለት ባዶ ቦታ ተፈጠረ ማለት ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስሕተት ይበልጥ አደገኛ ነው። ባዶው ቦታ በብዙ ዓመት አማካይ ይሞላ የሚሉ አሉ። ለተራ ጊዜ ይህ ምክር ያስኬድ ይሆናል። ነገር ግን መዝገቡ የሚቋረጠው መቼ እንደ ሆነ እናስብ። የመንደሩ ተመልካች መምህር፣ ዘበኛ ወይም ገበሬ ነው። ረሀብ ሲገባ እርሱም ከጎረቤቱ ጋር ይሰደዳል። ጦርነት ሲመጣ ጣቢያው ይዘጋል። በሰሜኑ አገር በ1970ዎቹ ዓመታት የብዙ ጣቢያዎች መዝገብ የተቋረጠው ድርቁና ጦርነቱ በበረቱበት በዚያው ሰዓት ነው። እንዲህ ያለውን ባዶ ቦታ በአማካይ የሞላ ሰው የክፉውን ዓመት ዝናብ በደኅናው ዓመት ዝናብ ሸፈነው ማለት ነው። ክፍተቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለምና በአጋጣሚ ሒሳብ አይሞላም። እንዲያውም በክረምት መካከል ድምፁን ያጠፋ ጣቢያ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቁጥር አልመጣም ብሎ ከመተው ሰው ልኮ ማስጠየቅ ይገባል።

ሌላም ትንሽ የሚመስል ነገር አለ። ተመልካቹ ቅዳሜና እሑድ ሳይለካ ቆይቶ ሰኞ ጠዋት የሦስቱን ቀን ውሃ ባንድነት ይለካል። 45 ሚሊ ሜትር ብሎ ይጽፋል። ድምሩ እውነት ነው፤ የሰኞው ቁጥር ግን በአንድ ቀን የወረደ ኃይለኛ ዝናብ ይመስላልና ድልድይ የሚሠራው መሐንዲስ ይሳሳትበታል። መፍትሔው «የሦስት ቀን ድምር» የሚል ምልክት ማድረግ ብቻ ነው።

ታዲያ መዝገቡ እንዴት ይቀመጥ?

የወረቀቱ ቅጽ 31 መስመርና 12 ዓምድ ያለው ሰፊ ሠንጠረዥ ነው። ለዓይን የተመቸ ነው። ለማከማቻ ግን አይመችም፤ ኅዳር 31 ቀን የለውምና ባዶ ሣጥን ያስቀራል፣ ከዝናብ ሌላ ሙቀት ሲጨመር ሌላ ገጽ ይጠይቃል፣ ስለ ጥራት ማስታወሻ መጻፊያ ቦታም አይሰጥም። በኮምፒዩተር ውስጥ አንድ መለኪያ አንድ መስመር ይያዝ። በዚያ መስመር ላይ የጣቢያው መለያ ቁጥር፣ የተለካው ነገር ዓይነት፣ የተለካበት ቀንና ሰዓት፣ ቁጥሩና የጥራት ምልክቱ ይጻፉ። ሠንጠረዡ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ያድጋል። አዲስ የመለኪያ ዓይነት ቢመጣ አዲስ ዓምድ አይከፈትም። ያልተለካ ቀን ዜሮም ሌላ ምልክትም ሳይሆን ባዶ ሆኖ፣ ለምን ባዶ እንደ ሆነ በጥራት ምልክቱ ይገለጻል።

በዚህ ላይ እኔ አጥብቄ የምጨምረው አንድ ዓምድ አለ፤ ቁጥሩ ወደ እኛ የደረሰበት ቀን። የተለካበት ቀንና የደረሰበት ቀን የተለያዩ ናቸው። አንድ ኦዲተር ወይም አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ «በነሐሴ መጀመሪያ ለዚህ ወረዳ ለምን እህል አልላካችሁም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ዛሬ የተሟላውን መዝገብ ማሳየት መልስ አይሆንም። መልስ የሚሆነው በነሐሴ መጀመሪያ በእጃችን የነበረውን ማሳየት ነው። የደረሰበት ቀን ካልተጻፈ ሐቀኛውም ሰነፉም ሠራተኛ እኩል ይወቀሳሉ፤ ቁጥሩን ስድስት ሳምንት በመሳቢያው ያቆየው ሰው ደግሞ በነጻ ይሄዳል።

ከዚሁ ጋር፣ የመጀመሪያው ቁጥር አይሰረዝ። 250 የተጻፈው 25.0 ለማለት እንደ ሆነ በግልጽ ቢታይም፣ 250 በቦታው ይቆይና እርማቱ፣ ያረመው ሰውና የታረመበት ቀን በጎን ይጻፉ። አራሚም ይሳሳታልና። ቦታ ይጨርሳል የሚለው ስጋት ዛሬ አይሠራም። በየ15 ደቂቃው የሚለካ በራሱ የሚሠራ ጣቢያ በቀን 96፣ በዓመት 35,040 ቁጥር ይሰጣል፤ አሥር ዓይነት ነገር ቢለካ 350,400 ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ጥግ ውስጥ የሚያድር ነው። የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት ክሊኮም የተባለውን የመዝገብ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1985 ማዳረስ ሲጀምር ቦታ በእርግጥ ውድ ነበር፤ በዚያ ጊዜ የቀኑን ቁጥር ጥሎ የወሩን ድምር ብቻ ያስቀረ ሰው ምክንያት ነበረው። ዛሬ ግን ምክንያት የለም።

የወሩን ድምር ብቻ ማስቀረት ምን እንደሚያጠፋ በሠፈራ ጉዳይ ላሳያችሁ። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰዎች ከትግራይ፣ ከወሎና ከሸዋ ሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አገር ተወስደዋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው ፕሮግራምም 440,000 አባወራዎችን፣ ማለትም 2.2 ሚሊዮን ሰዎችን በየክልላቸው ውስጥ ለማስፈር ያቀደ ነበር። ስለ አፈጻጸሙና ስላስከተለው ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማነሣው አንዱን ነገር ብቻ ነው። የሠፈራ ቦታ ሲመረጥ «ዝናብ በቂ ነው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አማካይ ድምር ነው። ገበሬው ግን በአማካይ አይዘራም። እርሱ የሚጠይቀው ዝናቡ መቼ እንደሚገባ፣ ከገባ በኋላ ስንት ቀን እንደሚያቋርጥና መቼ እንደሚወጣ ነው። የአገሩን የዘር ጊዜ በልቡ ይዞ ወደማያውቀው ምድር የመጣ ሰፋሪ ደግሞ ይህን የሚነግረው አያት እንኳ የለውም። የዝናብ መግቢያ ከሚሰላባቸው መንገዶች አንዱ ከአንድ ከታወቀ ቀን ወዲህ በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር የዘነበበትንና በተከታዮቹ 30 ቀኖች ውስጥ ረጅም መቋረጥ ያልታየበትን የመጀመሪያ ቀን መፈለግ ነው። ይህ የሚሠራው የየቀኑ ቁጥር ካለ ብቻ ነው። ከቀን ወደ ወር መደመር ይቻላል፤ ከወር ወደ ቀን መመለስ አይቻልም።

ስለ ድምር ካነሣሁ፣ የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን መመሪያ ላስታውስ። የሙቀት የወር አማካይ 11 ወይም ከዚያ በላይ ቀኖች፣ ወይም 5 ተከታታይ ቀኖች ከጎደሉ አይሰላም። ለዝናብ ድምር ደንቡ የጠበቀ ነው፤ የጎደለው ቀን ውሃ በኋላ ባንድነት ካልተለካ በቀር አንድ ቀን እንኳ ከጎደለ የወሩ ድምር አይሰጥም። በእኛ አገር ሁኔታ ይህን በጥብቅ ብንይዘው ብዙ ወሮች ባዶ እንደሚቀሩ አውቃለሁ። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፣ ከእያንዳንዱ ድምር አጠገብ በስንት ቀን ላይ እንደ ተሠራ ይጻፍ የሚል ነው። «142 ሚሊ ሜትር፣ ከ31 ቀኖች 27ቱ» የሚል ሪፖርት ከባዶውም፣ ሙሉ መስሎ ከሚቀርበውም ይሻላል።

ሳተላይት ካለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወዲህ የሳተላይት ግምት በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ይገኛል፤ የሜትዎሮሎጂው መሥሪያ ቤትም ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የሳተላይቱንና የጣቢያውን ቁጥር አዋሕዶ እ.ኤ.አ. ከ1983 የሚጀምር የአሥር አሥር ቀን መዝገብ አዘጋጅቷል። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሳተላይቱ የሚያየው የደመናውን ጫፍ እንጂ መሬት የነካውን ውሃ አይደለም፤ የሚታረመውም በጣቢያ ነው። ጣቢያው በሳሳበት በቆላው አገር እርማቱም ይሳሳል። ያ ደግሞ ድርቅ የሚበዛበት አገር ነው።

መዝገብ ገንዘብ የሆነበትንም ጊዜ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ የድርቅ ዋስትና ከአክሳ ሪ ኩባንያ ገዛ። አረቦኑ 930,000 ዶላር ያህል ሲሆን፣ ድርቅ ቢመጣ የሚከፈለው እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ክፍያው የሚወሰነው የተራበ ሰው ተቆጥሮ ሳይሆን በ26 ጣቢያዎች በሚለካ ዝናብ ነው። የዚያ ዓመት ዝናብ ደኅና ስለ ነበር ክፍያ አልተደረገም። የሚያስደንቀኝ ከዚህ ሰፊ አገር የተመረጡት ጣቢያዎች 26 ብቻ መሆናቸው ነው። እንዲህ ያለው ውል ረጅምና ያልተቋረጠ መዝገብ ይጠይቃል፤ መዝገቡ የተበጣጠሰ ወረዳ ገበሬው ቢደርቅበትም ባይደርቅበትም በውሉ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

በመጨረሻ ስለ ጣቢያው ታሪክ። መለኪያው ከትምህርት ቤት ግቢ ወደ ጤና ጣቢያ ሲዛወር፣ በአጠገቡ የተተከለው ባሕር ዛፍ ሲያድግ፣ የተሰበረው ብርጭቆ በሌላ ስፋት በተሠራ ብርጭቆ ሲተካ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ዝናቡ ግን አልተለወጠም። የአዲስ አበባ የዝናብ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ የሚገኝ የአገራችን ረጅሙ መዝገብ ሲሆን፣ በእርሱም ላይ ጥናት ያደረጉ ሰዎች ቁጥሩን ከማመናቸው በፊት መለኪያው የት የት እንደ ነበረ መመርመር ነበረባቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ የታሪክ ገጽ ይኑር፤ የተተከለበት ቀን፣ ከፍታው፣ የተዛወረበት ቀን፣ ዕቃው የተለወጠበት ቀን፣ ከተቻለም በየዓመቱ ከአራቱም አቅጣጫ የተነሣ ፎቶግራፍ።

ወደየሥራ ቦታችሁ ስትመለሱ በየጽሕፈት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አሮጌ መዝገቦች እንደምታገኙ እርግጠኛ ነኝ። ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ አትቸኩሉ። አስቀድሞ እያንዳንዱ ገጽ፣ የጣቢያው ስምና ወሩ እንዲታይ ሆኖ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ አንዱ ቅጂ በወረዳ፣ አንዱ በዞን ይቀመጥ። መገልበጡ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይጻፉትና ኮምፒዩተሩ ያመሳክረው፤ የተለያዩበትን ቦታ ሦስተኛ ሰው ከፎቶግራፉ ይየው። ምስጥ የበላው ገጽ ቢሆን እንኳ አይጣል፤ የተረፈው ግማሽ ወር ቁጥር ነው። አንዳንድ ተመልካች የጳጉሜንን ዝናብ ሌላ ቦታ አጥቶ በመዝገቡ የጀርባ ሽፋን ላይ ስለሚጽፈው፣ ሽፋኑም አብሮ ፎቶግራፍ እንዲነሣ አደራ እላለሁ።